ጠፍ የተባለው የወንዝ ዳር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ግብር ታሪክ ነው። ግብር ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ላስከፍላችሁ አልመጣሁም። የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በወንዞቻችን ዳር የሚበቅለውን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ደንገል ሳያጠፋ ለጠበቀ ገበሬ ግብር ሊቀነስለት ይገባል ወይ? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ አባቶቻችን እንዴት ይገብሩ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ደብተራችሁን አውጡና አንድ ቃል ጻፉ፦ ጠፍ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ጠ እና ፍ። በቀድሞው የግብር መዝገብ ይህ ቃል ያልታረሰ መሬት ማለት ነበር። ልብ ብላችሁ ስታዩት «ጠፋ» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። የመዝገቡ ጸሐፊም ያልታረሰውን መሬት የሚያየው እንደዚያው ነበር። ቃሏን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ በሚገነጠልበት የተቀመጠች ከተማ ናት። ከወረታ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ ሜዳው እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። በዚህ ሜዳ ሁለት ታላላቅ ወንዞች ያልፋሉ፤ በሰሜን ርብ፣ በደቡብ ጉማራ። ሁለቱም ከጉና ተራራና ከአካባቢው ደጋ ይወርዳሉ። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ውሃው ያን ሁሉ ቁልቁለት እየጋለበ ይመጣና ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይዝላል። የተሸከመውን አፈር የሚጥለውም እዚያው ነው። የፎገራ ጥቁር አፈር የተከማቸው እንዲህ ሆኖ ነው።

የወንዝ ዳር ዕፅዋት ሥራ ፈት አይደለም። ሾላው፣ ዶቅማው፣ አኻያው፣ ሸምበቆውና ሣሩ በሥራቸው አፈሩን ቋጥረው ይይዛሉ። ግንዱና ቅጠሉ ለሚጋልበው ውሃ ልጓም ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ሣሩ ውስጥ ይቀራል እንጂ ወንዙ ውስጥ አይገባም። ዳሩ ሲመነጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳሩ እየተናደ ይወድቃል። ደለሉ በወንዙ አልጋ ላይ ይተኛል። አልጋው ከፍ ሲል ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ማሳና ወደ መንደር ይወጣል። በርብ የታችኛው ክፍል የሆነው ይኸው ነው።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በፎገራና በሊቦ ከምከም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። እርግጥ ነው፣ የዚያን ዓመት ዝናቡ ብርቱ ነበር። ጎርፉ በወንዝ ዳር ምንጣሮ ብቻ መጣ የሚል ሰው ይሳሳታል። ደግሞም ጎርፍ ለፎገራ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ለም አፈር አምጪውም እሱ ነው። ግን ውሃ ቀስ ብሎ በሜዳው ላይ መንጣለሉና ዳሩን ጥሶ መገንፈሉ አንድ አይደለም። ዓሣውንም አንርሳ። የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይሄዳል። የሚፈልገው ንጹሕ ውሃና ጠጠር ነው። ጠጠሩ በጭቃ ሲሸፈን እንቁላሉን የት ይጣል?

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

በቀድሞ ዘመን በቤጌምድር ገበሬው ከሚከፍላቸው ግብሮች ዋነኛው አሥራት ነበር። አሥራት ማለት ከአሥር እጅ አንዱ ማለት ነው። እህሉ ሲደርስ ገማች ይመጣል። ማሳውን ወይም ክምሩን አይቶ «ይህን ያህል ይወጣዋል» ይላል። ገማቹ አብዝቶ ከገመተ ገበሬው ከአሥር አንድ መክፈሉ ቀርቶ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ገማቹን ለማባበል የሚታረደው ዶሮና የሚጠመቀው ጠላ ደግሞ ሌላ ግብር ነበር። ባለጉልቱም ድርሻ ነበረው፤ ጭቃ ሹሙም እንዲሁ።

አሥራት የሚወሰደው ከእህል ነው። ያልታረሰ የወንዝ ዳር እህል አይሰጥም፤ ስለዚህ አሥራት አይወጣበትም። ገማቹ ዘወር ብሎም አያየው። ታዲያ ያኔ የወንዝ ዳር ዛፍ ከግብር ነጻ ነበር ልንል እንችላለን? እንችላለን። ነገር ግን ማንም አስቦበት የተደረገ አይደለም። ዛፉንና ደንገሉን ያቆየው የሰዉ ቁጥር ማነሱና የከብቱ ነገር ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ በበጋ ሣር ነው። ባለከብት ሰው ሜዳው ሣር ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር እንጂ ዛሬ የምናየው ሩዝ ገና አልመጣም።

ሌላም ነገር ነበረ። በቤጌምድር መሬቱ ርስት ነው። ርስት ከአባት ከአያት በዘር የሚወረድ ነውና ሙግቱ ብዙ ነው። በሙግት ጊዜ ያረሰና የገበረ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል። «ለዚህ መሬት ገብሬበታለሁ» ማለት ትልቅ ማስረጃ ነበር። ያልታረሰና ያልተገበረበት ዳር ግን ማስረጃ የለውም። ይህን አስቡበት፤ ግብር አለመክፈል ጥቅም ብቻ አልነበረም። መሬቱ ጌታ የሌለው እንዲመስል ያደርግ ነበር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በደቡብ ጎንደር ከሩቅ ጥቁር ብሎ የሚታይ ጥንታዊ ደን ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያን ደን ያቆየው የግብር ቅናሽ አይደለም፤ ክብርና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። የወንዝ ዳር ግን ደብር የለውም። ስለዚህ ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ዛፍ ለተከለ ሰው ግብር መቀነስ በአገራችን ጨርሶ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ይህን ለማየት ለጥቂት ጊዜ ከፎገራ ወጥተን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ከሩቅ ቦታ ይመጣ ጀመር። ቀደም ሲል መናገሻው ከቦታ ወደ ቦታ ከተዛወረበት ምክንያት አንዱ የእንጨት ማለቅ ነውና ይህችም ከተማ ልትፈታ ነው ተብሎ ተሰግቶ ነበር። በ1880ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ገደማ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር ገባ። ዐፄ ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን እንዳደረጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሳይቆይ በባሕር ዛፍ ተከበበች፤ ከተማዋም ሳትፈታ ቀረች።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ምንጭ ያደርቃል የሚል ቅሬታ ተነሣ። በ1905 ዓ.ም. ገደማም አብዛኛው ባሕር ዛፍ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። ማን ይነቅላል? ሰው የተከለው ጥቅሙን አይቶ ነው። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አያለሁ። «ትከል፣ ግብርህ ይቀርልሃል» ሲባል ሕዝቡ ተከለ፤ «ንቀል» ሲባል ግን አልሰማም። ሁለተኛው የዛፉ ዓይነት ነገር ነው። ግብር የሚቀነሰው ለየትኛው ዛፍ እንደሆነ በደንብ ካልተለየ፣ ወንዝ ዳር ሾላውና ዶቅማው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ይተካል። በየወንዙ ዳር እየሄዳችሁ ብታዩ ይህ ያለ ትእዛዝም ሲሆን ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ቃላችን፣ ወደ ጠፍ እንመለስ። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. መንግሥት የመሬት ግብር አዋጅ አወጣ። መሬት በሦስት ተመደበ። ለም ማለት የታረሰና ፍሬ የሚሰጥ ነው። ለም ጠፍ ማለት ከፊሉ የታረሰ ነው። ጠፍ ማለት ያልታረሰ ነው። ለምሳሌ በሸዋ የአሥራቱ ምትክ ተጨምሮ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ በለም ጠፍ 40 ብር፣ በጠፍ 15 ብር ይከፈል ነበር። ጋሻ ማለት 40 ሄክታር ገደማ ነው። ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ ግን በዚህ ስፍር አልገቡም። በቀድሞው ልማዳቸው እንዲገብሩ ተተዉ።

እንግዲህ ጠፍ መሬት ግብሩ አነስተኛ ነበር። ዛሬ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ያልታረሰን መሬት የሚያበረታታ ሕግ ነበረን» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በሕጉ ዓይን ጠፍ ማለት ገና ያልታረሰ፣ ወደፊት ታርሶ ለም የሚሆን ማለት ነው። እንደ ሰነፍ ተማሪ ተቆጠረ እንጂ እንደ ሠራተኛ አልተቆጠረም። ደንገሉ ውሃ አጣራ፣ ሾላው ዳር ያዘ ብሎ የጻፈ መዝገብ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የደን ጥበቃ አዋጆች ወጥተው ነበር። እነሱ ግን ከደን ሹሞች አልፈው እስከ ገበሬው ደጃፍ የደረሱት በጥቂቱ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም ተነሣ። ጎረቤታችን ነውና ታሪኩን የሰሙ አባቶች በመካከላችሁ ይኖራሉ። ሰዉ የሸፈተው ብሩ በዝቶበት ብቻ አልነበረም። መሬቱን ሊለኩት ነው፣ ከለኩት በኋላ ርስታችንን ሊወስዱት ነው የሚል ብርቱ ፍርሃት ነበረ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ አለ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ለእኛ ጥያቄ ይህ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። የወንዝ ዳርን ግብር ለመቀነስ ዳሩን መለካት ግድ ነው። ሰው ለካዬን ካላመነ ቅናሹንም አይቀበልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጉልቱ፣ ጭሰኝነቱና ገማቹ አብረው ሄዱ። በ1968 ዓ.ም. በእነሱ ፈንታ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር መጣ። የመጠቀሚያው ክፍያ በየገበሬው እኩል የሚከፈል ስለነበረ ወንዝ ዳሩን ያረሰውንና ያላረሰውን አይለይም።

በዚሁ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ሩዝ ወደ ፎገራ ገባ። በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ ተሞከረ። ዛሬም ብዙው ገበሬ የሚዘራው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ስሙ የቀበሌውን ስም ይዟል። ሩዝ የፎገራን ታሪክ ለወጠ። ውሃ የተኛበት፣ ጤፍ የማይበቅልበት መሬት ወርቅ ሆነ። ድሀ የነበረው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ልጁን አስተማረ። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ተተከሉ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ተቋቋመ። ይህን በረከት የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ነገር ግን ሩዝ የሚወደው ረግረጉን ነው። ረግረጉ ደግሞ የደንገሉ ቤት ነበር። በርብና በጉማራ መካከል ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት የውሃ ቦታዎች አሉ። በክረምት ይሞላሉ። በበጋ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች፣ ከእነሱም መካከል ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ያርፉባቸዋል። ተመራማሪዎች ከ1980 እስከ 2000 ዓ.ም. አካባቢ ያለውን ጊዜ ሲያወዳድሩ፣ ከ1,500 ሄክታር በላይ የነበረው ሸሸር ወደ 140 ሄክታር ገደማ ወርዶ አገኙት። 300 ሄክታር ይጠጋ የነበረው ወላላ 160 ያህል ሆኗል። ውሃውን ለመስኖ መሳብ፣ ዳሩን ማረስ፣ ወንዙን በእርከን መገደብ፣ ሁሉም ተባብረው ያደረጉት ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እንቦጭ በጣና ላይ ታየ። ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና አፈር ለእንቦጭ ምግቡ ነው። ዳር ላይ ሣርና ደንገል ቢኖር ኖሮ ከፊሉን ያስቀረው ነበር።

ታዲያ ገበሬው ለምን ዳሩን አረሰ? ስለ ጠላው አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል ያዩ ሰዎች አንድ ነገር ተምረዋል፤ ያልታረሰ መሬት ለሌላ ይሰጣል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅም መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ጦም ያሳደረ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ መሬት ይዞ የማያለማ ሰው እንዳይኖር ነው። ግን ወንዝ ዳር ሾላና ሣር ያቆየ ሰው ጦም አሳደረ ይባላል ወይስ ጠበቀ ይባላል? አያችሁ፣ ጠፍ የምትለዋ ቃል ስሟን ቀይራ ተመለሰች።

እስቲ ደግሞ ከአገራችን ውጭ አንድ ምሳሌ እንይ። በአሜሪካ፣ በምዕራብ ዳርቻ፣ ኦሪገን የሚባል ክፍለ ግዛት አለ። በ1973 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1981 መሆኑ ነው፣ ምክር ቤቱ አንድ ሕግ አወጣ። በወንዝ ዳር ከ100 ጫማ፣ ማለትም ከ30 ሜትር ገደማ ሳይበልጥ ያለውን መሬት የተፈጥሮ ዕፅዋቱን ጠብቆ ለያዘ ባለመሬት፣ ያ ቁራሽ መሬት ከዓመታዊው የንብረት ግብር ነጻ ይሆንለታል። ግዴታ የለበትም፤ የፈለገ ይገባል። የሚገባ ሰው ዳሩን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ ዕቅድ ጽፎ ከዓሣና ከዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ጋር ይስማማል።

የእነሱን ሕግ እንዳለ አምጥተን ፎገራ ላይ መትከል አንችልም። እዚያ መሬቱ የግል ነው፤ ግብሩም በዋጋው ይተመናል። እኛ ዘንድ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው። የመጠቀሚያ ክፍያውም በይዞታው ስፋት ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የከተማ ቦታንና ሕንፃን እንጂ የገበሬን ማሳ አይመለከትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የደን አዋጅ ደን ላለማ ሰው የግብር እፎይታ ይሰጣል። ያም ቢሆን ደን ላለማ ነው። ዳር ላይ የበቀለን ሣርና ሸምበቆ ማን ደን ይለዋል?

አሁን እርሳስ አንሡና ሒሳብ እንሥራ። ሄክታር ማለት 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ገበሬ አንድ ሄክታር መሬት አለው እንበል። መሬቱ በ100 ሜትር ርዝመት ወንዝ ያዋስነዋል። ከወንዙ 10 ሜትር ቢተው፣ 100 ጊዜ 10 ማለት 1,000 ካሬ ሜትር ነው። ይህ የሄክታር አንድ አሥረኛ ነው። በዚያች ቦታ ሩዝ ቢዘራ በመካከለኛ ምርት ሦስት ኩንታል ገደማ ያገኛል። ክፍያው ከአሥር አንድ እጅ ቢቀነስለት ግን የሚተርፈው ጥቂት ብር ነው። ሦስት ኩንታል ሩዝ በአንድ በኩል፣ ጥቂት ብር በሌላ በኩል። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ልጅም ያውቀዋል።

ስለዚህ ቅናሽ ብቻ ይበቃል ብሎ የሚያወራ ሰው ሒሳብ አልሠራም ማለት ነው። ዳሩ ለባለቤቱ ሌላም ነገር መስጠት አለበት። ሣሩን እያጨደ ለላሙ ያብላ፤ ዛሬ የፎገራ ላም ከግጦሽ ይልቅ የሩዝ ገለባ ነው የምትበላው። ቀፎ ይስቀል። ሸምበቆውንና ደንገሉን በተራ እየቆረጠ ይሽጥ። የጣና ውሃ ከጢስ ዓባይና ከጣና በለስ የመብራት ኃይል ያመነጫል፤ ከዚያ ተጠቃሚ የሆነው ሁሉ ለዳሩ ጠባቂ ቢያዋጣ ምን ነውር አለው? ደግሞ ደለሉ የሚመጣው ከላይ፣ ከጉና ተዳፋት ጭምር ነው። የፋርጣው ገበሬ ካልተካተተ የፎገራው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ቅናሹ ግን ከጥቂት ብሩ የበለጠ ነገር አለው። መዝገብ ላይ ይጻፋል። ዳሩ «የተጠበቀ የወንዝ ዳር» ተብሎ በባለቤቱ ስም ከተመዘገበ ጦም ያደረ አይባልም፤ ለሌላም አይሰጥም። ከአሥራት ዘመን ጀምሮ ያልታረሰ ዳር ማስረጃ አልነበረውም ብለናል። አሁን ማስረጃ ያገኛል ማለት ነው። ለገበሬው ከብሩ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል።

መለካቱም እንደ 1960 ዓ.ም. የሚያስፈራ አይደለም። በክልላችን የይዞታ ደብተር መታደል ከጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ በስሙ፣ በሚስቱም ስም ተጽፎ አይቷል። እስቲ ዛሬ ማታ ደብተሩን ከሳጥን አውጡና አንብቡት። አዋሳኞች የሚል ቦታ አለ፤ በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ። መሬታችሁ በወንዝ በኩል ከሆነ በአንዱ በኩል «ወንዝ» ተብሎ የተጻፈ ታገኛላችሁ። ወንዙ እንደ ጎረቤት ተቆጥሯል። ይህ ጎረቤት ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። ርብ መንገዱን እንደሚቀይር ዳሩ ላይ የሚኖር ሰው ያውቃል። ዛሬ ከወንዙ 10 ሜትር የራቀው ሾላ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጠርዙ ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሕግ በወረዳችሁ ለውይይት ቢቀርብ፣ እጃችሁን አንሥታችሁ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ 10 ሜትሩ የሚለካው ከየትኛው ጠርዝ ነው፣ ከበጋው ውሃ ነው ወይስ ከክረምቱ?